ማኅተም

ሲየርሶ ይሉታል ዛራጎዛዎች፣ ደረቁን ነፋስ፤
ኤብሮን ተሻግሮ የቤተ ሙከራውን መስኮት ሲዳስስ
ኦሮሲያ ጓንቷን ደርባ፣ ጭንብሏን አጥብቃ
ሳህኑን ታያለች፤ ሦስት ሳምንት ጠብቃ
ያገኘችው የነቀርሳ ዘር ሽምብራ አያህልም።
«አይቸኩልም» አለችኝ፣ «ይሄ አይቸኩልም።
ሌላው ተሐዋሲ በሃያ ደቂቃ ሁለት ይሆናል፣
ይሄ ለአንድ መከፈል ቀኑን ሙሉ ያስባል።»

አሥራ አንድ ጸሐፊ አለው፤ ካይኔዝ ይባላሉ።
የሚበዙት ከቆዳው ላይ ተሰክተው ይውላሉ፤
ጆሯቸው ደጅ፣ እጃቸው ጓዳ።
ደጁ ደህና ሲሆን፣ ፎስፌት አንስተው
ፕሮቲኑ ላይ ጠብ፤ እንደ ማኅተም።
ያልታተመ አይረዝምም፣ ግድግዳ አያቆምም።
ከሁሉ ተንኮለኛው ደግሞ
ነጭ የደም ሴል ውጣው እንኳ፣ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ
ወፍጮዋን ያስቆማል፣ እህሉ ራሱ ሆኖ ሳለ።

እኔ ጠዋት ሌላ መስኮት ፊት ቆሜ ነበር፤
«ማኅተም ይጎድለዋል» አለ ሰውየው፣ ወረቀቴን ሳያነሳ፤
«ነገ ና።»
ከመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዬ ጋር የደረት ፎቶ ነበረ፤
ግራ ሳንባዬ ጫፍ ላይ ምስር ክክ የምታህል ነጥብ።
«ተኝቷል» ብላኛለች ኦሮሲያ፣ በመብራት አይታው፤
«ሃያ ዓመትም ይተኛል።»

እንግዲህ ሁለት ባለጉዳይ ነን፣ በአንድ ደረት።
የእኔ እንዲታተም ደጅ እጠናለሁ፤
የእሱ እንዳይታተም ግን ለማን ላመልክት?
ሳቅሁ።
ኦሮሲያ ከሳህኑ ቀና አለች፣
ሳቅ ይሁን ሳል ለመለየት።