ሁለት ሣጥን፣ አንድ ጆሮ

ከሸርፍ ተራ ገዛሁ፣ ከአሮጌ ብረት መሃል፣
ሁለት ክብ ድምጽ ማጉያ፤ ስፋታቸው መዳፍ ያህላል።
አንዱ ከሚኒባስ የወጣ፣ የአንዱ አገሩ አይታወቅ፤
ሻጩ «መንታ ናቸው» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ሳይስቅ።
ሁለት ጥቃቅን ደግሞ፣ የቀጭን ድምጽ መውጫ፣
ከፌስታሌ ጨመረልኝ፣ የገበያችን መቋጫ።

ቤቴ ቧንቧ ውሃ ናት፣ አንድ ክፍል ከነጓዳዋ፤
ግንድ የሚያህል ሣጥን አይገባም፣ አልጋው ነው ግማሽ ስፋቷ።
ስለዚህ አጭር አሰብኩ፤ ቁመቱ ክንድ የማይሞላ፣
ሆዱ ግን አየር የሚስብ፣ ትንፋሹን የሚለቅ ከኋላ
በቁራጭ የውሃ ቱቦ።

አናጢው ሙህዬ መጣ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፤
ቀኙ ላይ ማለቴ ነው። ቀኙ መስማቱን ትቶ
እርሳስ መያዣ ከሆነ ይኸው ሃያ ዓመት አልፎታል፤
ሐይቅ መንገድ፣ ድንጋይ ካባ፣ ድማሚት ይዞት ሄዷል።

«ሁለት ለምን አስፈለገ» አለኝ፣ ሣንቃውን እያገላበጠ፣
«አንድ አፍ ላላት ዘፋኝ?»
አልመለስኩም።
«ወላሂ ለኔ አንድ ይበቃ ነበር» አለ፣
ግን ሁለቱንም እኩል፣ ፀጉር ሳያዛንፍ ቆረጠ።

ሣንቃው የዋንዛ በር ነው፣ የፈረሰ ቤት መዝጊያ፤
የቁልፉ ቀዳዳ ሳይቀር ሆነልን የሽቦ ማስገቢያ።
ማን ያውቃል ስንቱ አንኳኩቶ «ማነው?» እንደተባለበት፤
አሁን በተራው ከውስጥ ዜማ ሊያንኳኳበት።

ኮላው ስምንት ቀን ፈጀ። በነሐሴ ደሴ ምን ይደርቃል?
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ እንደ ዘመድ ገብቶ ያድራል።
«አብሽር» ይላል ሙህዬ፣ ማሰሪያውን እያጠበቀ፤
ትዕግሥቴ ከኮላው በፊት ስንቴ ተሰነጠቀ።

ቀጭኑን ድምጽ ወደ ትንሿ፣ ወፍራሙን ወደ ትልቋ
የሚለይ ኬላ ያስፈልጋል።
ከኮምቦልቻ ፋብሪካ በወጣ የክር ቀሰም ላይ
የመዳብ ሽቦ ስጠመጥም፣ ሰዓዳ ዙሩን ስታይ፣
«መቶ ስድሳ አንድ፣ መቶ ስድሳ ሁለት...»
ጎረቤት «ማጥለያ አላችሁ?» ብላ ብቅ አለች፤
ቁጥሩን ከማጥለያው ጋር ይዛብን ሄደች።
ፈታነው። ከአንድ ጀመርን። ሰዓዳ በሯን ዘጋች፤
እስከ ሁለት መቶ አርባ ለማንም አልከፈተች።

ሆዳቸውን በበግ ጠጉር፣ የወገል ጤና ብርድ ባሳደገው፣
ሳላጨናንቅ ሞላሁት፤ ሲበዛ ያፍናል፣ ሲያንስ ይጮሃል ባዶው።

መብራት ሁለት ማታ ጠፍቶ በሦስተኛው ማታ መጣ።
ሴትዮዋ ዘፈነች፤ ግን ድምጿ ማረፊያ አጣ፤
ግድግዳ ለግድግዳ ዞረ፣ ጣሪያ ሥር ተበተነ፣
መሃሉ ባዶ ሆነ።
አንዱ ሲገፋ አንዱ ይስባል፣ እንደ ተጣላ ጥንድ በሬ፤
ለካ ቀዩን ከጥቁሩ አምታትቼ ቋጥሬ!

ገለበጥኩት። መጣች።
መምጣቷን ሳላጣጥም
ሙህዬ መዳፉን በግራው ሣጥን ጎን ላይ ጣለ።
«ይኸኛውን ወባ ይዞታል፣ ይንቀጠቀጣል» አለ።
እኔ በሁለት ጆሮዬ የሰማሁት አንዳች የለ።
በነጋው የወይራ ብትር ከጎን ለጎን አቆመበት፤
ብርድ ብርዱ ለቀቀው፤ ባሱም እግሩን ተከለበት።

ማታ በርጩማ ስቦ ከሁለቱ እኩል ርቆ ተቀመጠ።
ሣጥኖቹን አላየም። የሚያየው እኔን ነበር፤
የምሰማውን ከፊቴ ላይ ሊያነብ መሰለኝ።
«የት ጋ ነው የቆመችው?» ሲል ጠየቀኝ።
«መሃል ላይ» አልኩት። «ከጀሪካኑ ከፍ ብሎ፣
አፏ እዚያ ጋ ነው።»

አላሾፈም። ተነሣ፣ ወገቡን ይዞ፣
ቢጫውን ጀሪካን ጓዳ ድረስ ጎትቶ አኖረ፤
ተመልሶ የተንጠባጠበውን ውሃ በጨርቅ ወለወለ፤
«እንግዳ አይደለችም እንዴ?» አለ።