ነቀዝ

ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
ካንድ ግንድ አወጣለሁ ባለ ሦስት እግር፤
ሚስማር ሳይነካው፣ ሙጫ ሳይዳብሰው፣
ዋንዛው ራሱን ችሎ የሚሸከም ሰው።

እንጨት አውቃለሁ ባይ ነኝ፣ አንኳኩቼ የምለይ፣
ጤነኛውን ከታማሚው፣ ገና ቅርፊቱ ላይ፤
የልጄን ጉልበት ግን፣ የኢፍቱን፣
ማታ ማታ ሲወጋት አጥንቷን፣
በቅቤ አሸሁት።
«እድገት ነው» ብዬ፣ እኔ።

ፊልሙን መብራት ላይ ሰክተው አሳዩኝ፤
ማንም ሳይተረጉም ዓይኖቼ ነገሩኝ፦
ነቀዝ የበላው ሳንቃ፣ ላዩ ልባስ ያለው፣
ውስጡ ግን ዱቄት ነው፣ ሲነኩት ሚፈሰው።

ዶክተር ኡርጌ ወጣት ናት፣ የጫማዋ ሶል የለቀቀ፤
ወረቀት ላይ ነጠብጣብ ሣለች።
«ይህ ብናኝ ነው» አለች፣ «ከዱቄት የላመ፣
መድኃኒት አዝሎ ሚፈልግ የታመመ፤
አጥንቱ ጋ ቢደርስም አይፈታም ቋጠሮው፣
ጨረር እስኪነካው፤ እሱ ነው ቀጠሮው።»

ሳቅሁ። አፈርኩም።
ይህንማ አውቃለሁ፦
በየቀዳዳው በመርፌ ነጭ ጋዝ እሰጣለሁ፣
ከዚያ በርጩማውን ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ።
ጋዙ ለብቻው ነቀዙን ያሰክረዋል እንጂ አይገድለው፤
ፀሐይ ለብቻዋ እንጨቱን ስትሰነጥቅ
እሱ ወደ ውስጥ ይሸሻል።
ሁለቱ ሲገናኙ ነው።
«አዎ» አለች፣ «ሁለቱ ሲገናኙ ነው።»
እስክሪብቶዋን ከደነች።

«ታዲያ ለልጄ መቼ ነው?»

ጫማዋን አየች።
«ገና አይጥ ላይ ነን፣ አባ ሚልኪ።
ሃያ አንድ አይጥ። አሥራ አራቱ ይራመዳሉ።»

ዝናቡ ጣሪያውን ደበደበ፤
የጅማ ዝናብ፣ ማብቂያውን የማይናገር።
እኔ ሰባቱን አሰብኩ።

ለኢፍቱ ጨረሩ ብቻ አለ፣
ከዚያ ምናልባት መጋዝ።
«መጋዝ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ ሌላ ስም አላቸው።

እግሯ እንዳይነቃነቅ መያዣ ያሻል ቢሉ
«እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።
ሰባት ዓመት ያደረቅሁት ዋንዛ ነበረኝ፣
ለሰርጓ አልጋ ያልኩት።
ባቷን በክር ለካሁ፤ ጠረብኩ፤
በብርጭቆ ስባሪ ላግሁት፣ ቆዳዋን እንዳይቧጭራት።
ገብታ ስትተኛበት
«አባዬ፣ ጀልባ ነው እንዴ?» አለች፤
ወፍራሙ በር ተዘጋ።

ዛሬ ማለዳ ሱቄን ስከፍት
በሚስማር ቀዳዳ አንድ ዘንግ ብርሃን ወርዶ
የእንጨቱ ብናኝ ውስጡ ይንሳፈፋል፣ ይነድዳል።
መጥረጊያውን ይዤ ቆምኩ።
«ቶሎ በሉ» አልኩ፣ ማንን እንደሆነ እንጃ።
አልጠረግሁትም።