ብስል ከጥሬ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሚዛን ፊት ቆሜአለሁ፤
የፎገራን ሩዝ፣ የአዴትን ጤፍ ሰፍሬ ሸጫለሁ።
በእፍኜ ዘግኜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ "ሁለት መቶ ግራም" ካልሁ
ሁለት መቶ ነው። እጄ አይዋሽም፤ ይህን በኩራት እናገራለሁ።

ዘንድሮ ስኳር አለብህ ተባልሁ፤ ወረቀት ተሰጠኝ፤
ሲስተር ማንጠግቦሽ ናት በቀይ አስምራ የሰጠችኝ።
(እሷ ማንጠግቦሽ፣ እኔ ጥጋቡ፤ በዚህ ስም ሁለታችን
ስለ ረኃብ ስንማከር አይስቅም ወይ ሰሚያችን?)
"ምሳ፦ ሩዝ፣ መቶ ግራም" ይላል። ሌላ የለም።
"ካሎሪው በዚህ ይቆጠራል፤ ከዚህ አይታለፍም።"

ልጄ ስማቸው ሚዛን ገዛልኝ፣ መዳፍ የምታህል፣
ሲጭኑባት የማትወዛወዝ፣ ሲያወርዱባት የማትዋልል።
የእኔዋ አሮጌ ከመፍረዷ በፊት ታስባለች፤
ይቺ ግን ወዲያው ቁጥር ታበራለች።

ይታይሽ ቀቅላ አቀረበች፤ ጭልፋውን ተቀበልሁ፤
መቶ ስትል አቆምሁ። አራት ማንኪያ ቆጠርሁ።
የቀረው ከድስቱ ውስጥ እንፋሎቱን እየላከ
ሲጠራኝ ፊቴን አዞርሁ፤ ሆዴ ግን ተንበረከከ።

አሥራ አንድ ቀን እንዲህ በላሁ፤ ቀበቶዬ ቀዳዳ ቀየረ።
በአሥራ ሁለተኛው፣ ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ዓለም ዞረ።
ላብ አጠመቀኝ፤ ጉልበቴ እንደ ደንገል ሸብረክ አለ፤
ባለባጃጁ ኪሱን ዳብሶ "አባባ፣ ይቺን ይምጠጡ" አለ።
ከረሜላ ናት። የሸሸሁት ስኳር ነፍሴን መለሳት።
ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ሚዛኗን አነሳኋት።

ጥሬውን ሩዝ መዘንሁ፦ መቶ። ልክ መቶ።
ከውሃ ጋር ገባ፤ ወጣ፣ አብጦ፣ ጠግቦ፣ ተመቻችቶ።
መልሼ ጫንሁት፦ ሦስት መቶ አራት!
"ሁለት መቶው ከየት መጣ?" ይታይሽን ቀሰቀስኋት።
"ከውሃው ነዋ!" አለችና ጋቢዋን ወደ ላይ ሳበች፤
ወዲያው ተኛች።

ውሃው!
እኔ ነኝ ውሃን የማላውቅ?
ነሐሴ ላይ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ መጋዘኑን ከውስጥ ዘግቼ፣
ጆንያው ላይ ያርከፈከፍሁት፣ መጥረጊያ ባልዲ ውስጥ ነክሬ አውጥቼ፤
ሃምሳው ኪሎ ሃምሳ ሦስት ሲሆን ዝም ያልሁት፣
ሦስት ኪሎ ውሃ በእህል ዋጋ የሸጥሁት!

ደብሬ ነበረች ስሟ፤ ከዘጌ በጀልባ የምትመጣ፣
የቡናዋን ብር ከመቀነቷ ፈትታ የምታወጣ።
"የአንተ እህል በረከት አለው፣ ይከብዳል" ትለኝ ነበር።
እኔም "አሜን" እል ነበር።

ውሃ ሚዛን ይሞላል፤ ሆድ አይሞላም።
የራሴ ሆድ እስኪጮህ ድረስ ይህን ለማወቅ አልቸኮልሁም።

ማክሰኞ ሄድሁ። "ልጄ፣ መቶው ጥሬው ነው ወይስ ብስሉ?"
እስክሪብቶዋን ነከሰች። "ሌሎቹ ጠይቀው አያውቁም፤ ዝም ብለው ይበላሉ።"
ሐኪሙ ክፍል ገባች፤ ቆየች፤ ፊቷ ቀልቶ ተመለሰች፤
ከ"ሩዝ" አጠገብ፣ አጥብቃ፣ "ጥሬ" ብላ ጻፈች።
"ይቅርታ፣ ጋሽ ጥጋቡ።"
እንዴት ቀለላት! የጎደለችው አንዲት ቃል ነበረች፤ ሞላቻት።

ከዚያ ወደቡ ወረድሁ፣ ሦስት ኪሎ ሩዝ ቋጥሬ፤
በአሮጌው ሚዛን የመዘንሁት፤ ደረቅ፤ ጥሬ።
"ለደብሬ ስጣት፤ ከሌለች ለልጆቿ" አልሁት ጀልበኛውን።
"ከማን ነው ልበል? ምንድን ነው ልበል?"
"የውሃ ዕዳ ነው በል።"

ሞተሩ ተነሳ። ፔሊካኖቹ ገለል አሉ።
ጀልባዋ ወደ ዘጌ ስታቀና ጣቴን ማጠፍ ጀመርሁ፦
ይህ የአንድ ነሐሴ ነው። ስንት ነሐሴ ነበር?
አንዱን እጄን ጨረስሁ።
ሁለተኛውን ጀመርሁ።