በሽተኛው የት ነው?

ስድስት ቁጥር ባቡር እዚህ ጋርሺንግ ያበቃል፤
ወዲያ ሜዳ ነው፣ የኢዛር ወንዝ ጉም፣ የቁራ ድምፅ ብቻ።
የእኔ መንገድ ግን ከዚህ ይነሣል፣ ከሐዲዱ ዳርቻ፤
አሥራ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ይዘልቃል።

ቤት ያከራዩኝ ወይዘሮ ቫልትራውት ሽቫቢንግ ሆስፒታል
አርባ ዓመት ራጅ አንሥተዋል፤
የስንቱን ጎድን ቆጥረዋል።
የባላቸውን የኮርቢኒያንን ሳንባ ከሐኪሙ ቀድመው አይተዋል፤
«አየር ሳብ፣ አትተንፍስ» ብቻ ብለውታል።
ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ዐይናቸው ደረቱ ላይ ያርፋል።

ትናንት ማታ ወጥ ቤት፣ ከድንቹ ልጣጭ አጠገብ
ወረቀቴን ዘረጋሁት፤
ግራጫ፣ ዱቄት የተነፋበት ጨርቅ፣ ለማንም የማይነበብ።
መነጽር አጠለቁ፤ ወደ መብራቱ ጠጋ፣ ራቅ፣ ደግሞ ጠጋ አደረጉት፤
«በሽተኛው የት ነው?»
እኔን ሳይሆን ወረቀቱን ጠየቁት።

«ሩቅ ነው፣ እትዬ። ይህ ጨረር ከቤቱ ሲወጣ
ምድር ሳትጠነሰስ ነው፣ ፀሐይም ገና ሳትመጣ።
ልጅ ጋላክሲ ነው፣ አቧራ የተከናነበ፣
መጋረጃ በመጋረጃ ላይ የደረበ።
የሚያበራው ከዋክብት እየወለደ ይሁን፣
ወይስ ጥቁር ጉድጓድ ሆዱ ገብቶ እየበላ ጎኑን፣
ሌላው ብርሃን አይመሰክርም፤ አቧራው ያፍነዋል፤
ራጅ ግን ሰንጥቆ ይወጣል።
የእኛ አየር ራጅ አያሳልፍም፤ መስተዋቱን ሰማይ ላይ ሰቀልነው፤
አሥራ አንድ ቀን አፍጥጦ
ከዚህኛው ያገኘው አራት ቅንጣት ነው፣ ያውም አሟጥጦ፤
አንዷም ምናልባት የእሱ አይደለችም፣ የመንገድ ላይ ስሕተት።»

«አራት?» ሳቁ። «እኔ ለአንድ አውራ ጣት
ስንት አፍስሻለሁ!» ቢላውን አስቀመጡ።
«ነጩስ? በእኛ ፊልም ነጭ ማለት ጨረሩን ያገደ፣
አጥንት፣ ወይም ውኃ የቋጠረ ሳንባ።»
«በእኛ ነጩ የደረሰው ነው። እስከ ደጃፍ የወረደ።»
ዝም ተባባልን፤
እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የቆመውን ያነበቡ፣
እኔ ያለፈውን።

ሁለተኛውን ወረቀት አወጣሁ፦ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጋላክሲ፣
ለየብቻ አንዱም «አለሁ» የማይል፣ የማይታይ፣
መሃል ለመሃል ገጥሜ፣ አንዱን በሌላው ላይ።
ድር ቢያብር ይባል የለ? አንበሳ እንኳ አላሰርኩም፤
ግን ነጥብ በራች፣
ምስር የምታክል፣ ስስ፤ ግን አለች።

ጣታቸውን አሳረፉባት፣ የድንች ውኃ ያረጠበው ጣት።
«ይህቺ የማን ናት?»
«የሁሉም።»
«የሁሉም የሚባል ሕመምተኛ አልገጠመኝም።
የሁለት መቶ ሰው ደረት ደራርቤ ባቀርብ
መሃል ላይ ልብ ይታያል፣ አልክድም።
የማን ልብ?»

ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ አደረ፤
የታገደ ይሁን የደረሰ፣ በረዶው አልተናገረ።
ቢሮ ገብቼ ከክምሩ የመጀመሪያውን፣ ባለ አራት ቅንጣቱን፣
ለብቻው ከፈትኩት።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራተኛዋን ገና በር ላይ አቆምኳት።