ለመርከብ የታዘዘ

ሐሙስ ገበያ ነው። ሂርማታ ጢም ብሏል።
ደላላው ተካልኝ ከደጄ ላይ ቆሟል፣
ጫማው ጭቃ ጠግቦ፤
በብብቱ ይዟል የሚያበራ ወረቀት፣ እንደ ውል አጣጥፎ፣ እንደ ብር ሰብስቦ።

«አሥራ ሁለት በርጩማ፣ ያንን ባለሦስት እግር፣
ከአንድ ወጥ ዋንዛ፣ ሙጫ የማያውቅ፣ የሌለበት ሚስማር።»
«ለማን ነው?» አልኩት።
«ለመርከብ» አለኝ፤ «ለቆጪ ሠርግ ቤት» እንደሚል ሰው ሆኖ፤
ወረቀቱን ዘረጋው ከጠረጴዛዬ ላይ፣ ፍቅፋቂውን በክንዱ በትኖ።

ትንሽ መርከብ ናት ይላል፤ ከተማ ከሚያካክሉት አይደለችም፣
ሺህ ሰው አትጭንም፤
ሃያ አራት መኝታ፣ ለየመኝታው መስኮት፣ በየመስኮቱ ባሕር፤
ለአንድ እንግዳ አንድ አሳላፊ፣ ፎጣ አጣጥፎ ወፍ የሚሠራ፣ ስሙን የሚጠራ በክብር።
ልጄ ነኢማ ናት ያነበበችልኝ፤
«አባ፣ ‹ምንም አለመሥራት› ይላል በትልቁ፤ ዋጋው ግን ከሥሩ ነው፣ በትንሹ» አለችኝ።
ዋጋውን ስትነግረኝ መዶሻዬን...
የለም፣ ልዋሽ አልፈልግም፤ ሻይ ነበር የያዝኩት፤
ብርጭቆውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

ምንም አለመሥራት!
ለሳምንቱ ብቻ፣ በኔ ሒሳብ፣ አራት ዓመት መጥረብ፣ አራት ዓመት መላግ፣ አራት ዓመት አለመብላት።

እኔን ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነው።
ሦስት እግር፣ አባቴም አያቴም የጠረቡት፣ ለዚህ ለኛ መሬት ነው፤
ወለሉ ቢጎረብጥ፣ ጭቃው ቢሰነጠቅ፣
አራት እግር ይንገጫገጫል፤ ሦስት እግር ተማክሮ ይቆማል፣ ከቶ አይነቃነቅ።
ባሕር ላይስ? ወለሉ ራሱ ሲተኛ ሲነሣ፣
አንዱ እግር የአንዱን ምክር ቢረሳ?
ተካልኝን ብጠይቀው፣
«እኔ ከጊቤ ሌላ ውሃ ተሻግሬ አላውቅም» አለኝ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሲናገር ሰማሁት፤ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያውን ጠርቤ ስጨርስ፣ ቅዳሜ፣ ከረዳቴ ከሙዘይን ጋራ፣
ስድስት ባዶ ጀሪካን፣ አራት ግንድ፣ አንድ ጥቅል ገመድ ጭነን በባጃጅ ጣራ፣
ቦዬ ወረድን።
ታንኳ ሠራን ልበል? ታንኳ እንኳ አትባልም፤
ባሕር ዛፍ ነው እንጨቷ፤ ከባሕር ያለን ስሙ ነው፣ ሌላ የለንም።
በርጩማውን መሐሏ አቆምኩ። ተቀመጥኩ።
ሙዘይን እስከ ጉልበቱ ገብቶ ያወዛውዛል፤ «ማዕበል ነኝ!» ሲል በጥፊ ልለው አሰብኩ።
ገፋኝ።
ገመዱ ረዘመ። ቄጠማው አለፈኝ።

በርጩማው አልወደቀም። እግሮቹ ተማከሩ፤
ግንዱን ነከስ አርገው ከውሃው ጋር ዞሩ።
ፈተናው አልቆ ነበር። መመለስ ነበረብኝ።
ግን አንድ ጉማሬ፣ ከወዲያ፣ ጆሮውን አራግፎ አየኝ፤
አየሁት፤ ሁለታችንም ሥራ አልነበረንም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ያን ሁሉ መቀመጫ ጠርቤ፣ ቁጭ ብዬ አላውቅም፣
እግሩ እኩል መሆኑን ለመሞከር ካልሆነ።
እጄን ፈለግኩት፣ ምን እንደማደርግበት፤
ጉልበቴ ላይ ተኝቶ አገኘሁት።

ጭጋጉ ከጅረን ቁልቁል ይወርዳል።
የሰው ሬዲዮ በሩቅ ስለ ማዳበሪያ ያወራል።
ሙዘይን «ልጎትት?» ይላል።
«ቆይ» እለዋለሁ።
«ልጎትት?»
«ቆይ አልኩህ።»
ምናልባት ግማሽ ሰዓት። ምናልባት ያነሰ።
ሱሪዬ ራሰ።

ተካልኝ ሲረከብ ቆጠረ፤ አሥራ አንድ። ደግሞ ቆጠረ፤ አሥራ አንድ።
«አንዱስ?»
«ሽርሽር ላይ ነው» አልኩት፣ እንደ ቀልድ።
ከሒሳቡ ቀነሰ። ይቀንስ፣ መብቱ ነው፤
በርጩማው ከበሬ ሥር ነው፣ እግሩ ላይ የቦዬ ውሃ መስመር ያለው።
ዙልፋ «ምን ያደርግልሃል ውሃ የነካው እንጨት?» ትለኛለች፤
ማታ ማታ ግን ቀድማኝ ትቀመጥበታለች።

መርከቧ የት እንደደረሰች ተካልኝ አያውቅ፣ እኔም አላውቅም።
አሥራ አንዱ ሲቀመጡ፣ ይመስለኛል፣ አንድ እንግዳ ይቀራል፣
ወይኑን በእጁ ይዞ ዞር ዞር ብሎ ይፈልጋል።
ምን ይደረግ፤
እሱ ባሕሩን ቆሞ ይየው።