ሃያ አራት ጉድጓድ

ሊማ ላይ ሰማዩ አይዘንብም፤ ያልበዋል፣
ግራጫ ብርድ ልብስ ኮረብታው ይለብሳል።
በዚያ ጉም ውስጥ ነው የምሠራበት ቤት፣
አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣
ሁለት በር፣ አንዱ ካልተዘጋ ሌላው የማይከፈት።

ስሜ ሳቱርኒና፤ የሸማኔ ልጅ ነኝ፣
ክር ሲተበተብ፣ ውሉ ሲጠፋ፣ ከሩቅ የሚታየኝ።
እናቴ ከአያኩቾ ስትወርድ ጓዟ ይኸው ነበር፦
እኔ፣ ወንድሜ ሮሙሎ፣ ሦስት ልቃቂት ክር።
እሷ ክር ስትፈትል ኖረች፤ እኔ ክር እፈልጋለሁ፣
እንዳላገኘው እየተመኘሁ በመነጽር አያለሁ።

ሳህኑ ከመዳፌ ጥቂት ነው የሚበልጥ፤
ሃያ አራት ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ
ፈዛዛ ብጫ ሾርባ፣
አንድ ጠብታ የሰው ደረት።
ለአንድ ሰው አራት ጉድጓድ፤ ሁለቱ እንዲያው ናቸው፣
ሁለቱ ግን መድኃኒት አለባቸው፦
በአንዱ አይሶኒያዚድ፣ በአንዱ ሪፋምፒሲን።
በፕላስቲክ አሽጌ እቆጥራለሁ ቀን።
መድኃኒት ባለበት ክር ካልበቀለ፣ ሰውዬው ይድናል፤
ከበቀለ፣ ክኒኑን የሚውጠው በከንቱ ይሆናል።

ማይክሮስኮፑ ግልብጥ ነው፤ ዓይኑ ከሥር ነው ያለው፣
ጉድጓዱን ከታች ወደ ላይ ነው የሚያየው፣
አፈር ውስጥ የተኛ ሰው
ሰማይን እንደሚያይ፣ ማየት ቢችል ኖሮ።

በሮሙሎ ጊዜ ይህ ሳህን አልነበረም።
አክታውን እንቁላል ላይ ዘሩት፤ የድሮው ወግ እንዲያ ነው፣
በብልቃጥ የረጋ እንቁላል፣ አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለ።
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?
ሄደ። ስድሳ አንድ ቀን ሄደ። ደረጃውን ወጣ።
አንድ ወረቀት ይዞ እደጃችን መጣ፦
«መድኃኒቱ አይሠራም፤ ይቀየርለት።»
እናቴ ወረቀቱን ገልብጣ አየች።
«ለማን?» አለች።

ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው። ስም፦ ኤዲልቤርቶ፣
ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በባለሦስት እግር ዳቦ የሚያዞር ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ።
በመጀመሪያው ጉድጓድ ክር አለ። የጠበቅኩት ነው።
በሁለተኛውም። እሺ። ሳንባ ነቀርሳ ነው።
ወደ ሦስተኛው ዞርኩ። ባዶ ይሁን፣ ባዶ ይሁን፣ አልኩ፤
ባዶ ጉድጓድ እንደዚያ ተመኝቼ አላውቅም።

ክር ነው። ተገምዶ፣ ተጎንጉኖ፣ እንደ ሴት ሹሩባ፣
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ እዚህ የሚታሰረው ሳንባ።
አራተኛውም ያው።
ኦክታቪዮን ጠራሁት፤ ጎንበስ ብሎ አየው።
ኦክታቪዮ፣ ሁሌ የሚቀልደው፣
አልቀለደም።

ክፉ ወሬ ነው። ግን ትኩስ ነው፣ የሰባት ቀን፣
ሳይደርቅ፣ ሳይሻግት፣ እንደ ዳቦው ይድረስ ባለቤቱን።
ደንቡ ለሐኪሙ ንገሪ ይላል። ነገርኩ።
ከዚያ ደንቡን ተውኩና ለራሱ ደወልኩ።

ከኋላው የዳቦ ጥሩምባ ይጮኻል።
«ያ ክኒን አይሆንህም» አልኩት፤ «ሌላ አለ። ዛሬውኑ ና፤ ይጀመራል።»
ዝም አለ። ሳለ። ቆይቶ፣ «ዳቦውስ?» አለኝ፣
«ግማሹ አልተሸጠም።»
የምለው ጠፋኝ።

ማታ ወደ ቤት ወጣሁ፤ ደረጃው ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው።
እናቴ በጨለማ የተወሳሰበ ክር ትፈታለች፤ ጣቶቿ ናቸው ዓይኗ የሆነው።
«ዛሬስ ክር አገኘሽ?»
«አገኘሁ።»
«በስንት ቀኑ?»
«በሰባት።»
«ሰባት» አለች፣ ውሉን ይዛ ሳብ እያደረገች፣
ከዚያ «ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር…»

ስድሳ አንድ እስክትደርስ አላቋረጥኳትም።