መዶሻና ተምር

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በድሬ ጠራራ፣
ለጋሽ ዩያ ጆሮው ነው፣ እጁ አይደል የሠራ።
ባለ ረጅም እጀታ መዶሻውን ይዞ፣
ከፉርጎ ፉርጎ ሥር አጎንብሶ ተጉዞ፣
መንኮራኩር ሲመታ
ጤነኛው እንደ ደወል ይዘልቃል ዜማው፤
ስንጥቅ ያለበት ግን እንደ ገል ነው ድምፁ፣
አጭርና ድፍን።
ፀጉር ብታህልም ዓይን ያላያትን
ጆሮ ነው የሚያውቃት።

እኔ ፋኖስ ያዡ፣ ይህን ነው ያጠናሁ፦
«ብረት ይሉኝታ የለው፣ ሰው አይቶ አይናገርም፤
ስለወደድከው ብቻ ስንጥቁ አይገጥምም።»

አንድ ሌሊት የጣቢያው ሼፍ ላብ እያጠመቀው፣
«ጅቡቲ ይጠብቃል፣ ይሄን እንኳ ልቀቀው፤
እስከ አይሻ ብቻ፣ እዚያ እንቀይራለን፤
አላህ ያውቃል ዩያ፣ በደህና እንደርሳለን።»
ጋሽ ዩያ ጠመኔውን ከኪሱ አወጣ፣
ነጭ መስመር አሰመረ። ባቡሩ አልወጣ።

ዘመን አለፈ። ሀዲዱን አሸዋ በላው።
ነስሩ፣ የመጨረሻ ልጁ፣ ሳይሰናበተው
በኦቦክ በኩል ባሕሩን ሊሻገር ጠፋ።
በአሥራ ሰባተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ፣
ደላላው ነው።
«ደርሷል ልጅህ። ደህና ነው።
ስልኩን ነው ውኃ የገባው።
አሁን ተኝቷል፣ አይቀስቀስ።
ቀሪውን ብር ነገ ላክ።»

አጠገቡ ነበርኩ። ድምፁን ሰማሁት፦
አጭርና ድፍን።

ጋሽ ዩያ ግን ተነሥቶ ግድግዳውን መታ፣
«አላልኳችሁም!» አለ፣
ገንደ ቆሬ እስኪሰማው።
ፍሪጁን ሸጠ፣ ያውም በዚያ ሙቀት፤
ቀሪውን ላከ፤
በተረፈችው ሳንቲም ተምር ገዝቶ
በር ለበር አደለ።
ለእኔም ሦስት ፍሬ።
በላሁ። ምን ልበል?
ዘሩን መትፋት አቅቶኝ
እስከ ማታ በጉንጬ ይዤው ዋልኩ።

ከዚያ ወዲያ
ስልኩ ዝም ሲል፣ «የዐረብ አገር ኔትወርክ»፤
ዒዱ ሲያልፍ፣ «ሥራ በዝቶበት»፤
ሁለት ዓመት ሲሞላ፣
«ኩሩ ነው ነስሩ፣ ባዶ እጁን አይደውልም።»
ለእያንዳንዱ ዝምታ
በልኩ ልብስ ሰፋለት።

ትናንት፣ ከዚራ፣ ከድሮው ጋራዥ ጀርባ፣
የዛገ ፉርጎ ሥር ከነመዶሻው አገኘሁት።
አንዱን መታ፦ ደወል።
ሁለተኛውንም፦ ደወል።
ሦስተኛውን መታና
ቀና ብሎ አየኝ።
«ምን ይላል?»

ጉሮሮዬ የበጋ ደቻቱ ሆነ።
«ስንጥቅ ነው፣ ጋሽ ዩያ።»

«አዎ» አለ። «ያኔም እንዲሁ ነበር።
ጆሮዬ አልሳተም።»

ኪሱን ደባብሶ ጠመኔ አወጣ፣
የትም በማይሄደው መንኮራኩር ላይ
ቀስ ብሎ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣
ነጩን መስመር አሰመረ።